ኻሊፍ የላከው ፍሪጅ

ለወንድሜ ለኻሊፍ፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነህልኝ? ጤናህ፣ ጉልበትህ፣ ያ ጨው የበላው እጅህ እንዴት ሆነ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የጨው ማምረቻው ነጸብራቅ ዓይን ያጠፋል ሲሉ ስሰማ መነጽር ያደርግ ይሆን እላለሁ፤ እንደማታደርግ ግን አውቃለሁ፣ ድሮም ግትር ነህ። እኔ፣ ባለቤቴ ዐብዲከሪምና ልጃችን ዱኒያ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችንን ከሰላምታው ያስቀረኋት ረስቻት አይደለም፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ እሷው፣ ስለ እናታችን ስለ ሆዮ ነው።

ለምን በስልክ አልነገረችኝም ማለትህ አይቀርም። አንተ የምትደውለው ዐርብ ዐርብ ከተማ ስትወጣ ነው፤ ከዚያ በቀር ኔትወርክ የለህም። ስትደውል ደግሞ ሆዮ ስልኩን ከእጄ ትነጥቀዋለች፤ እኔ የሚደርሰኝ «ቻው» የምትለዋ ብቻ ናት። በዚያ ላይ ነገሩን በአፌ አልነግረውም ብዬ እንድምል አድርጋኛለች። ይኸው በአፌ አልተናገርኩም። ሾፌሩ ወርሳሜ ወደ ጂቡቲ ሲወርድ በአንተ በኩል ስለሚያልፍ ወረቀቱን ለእሱ እሰጠዋለሁ። የመሐላውን ነገር ከአላህ ጋር እንነጋገርበታለን።

ነገሩ ፍሪጁ ነው። የሆዮን የስኳር መርፌ መድኃኒት ሙቀት እንዳያበላሸው ብለህ የላክህላት ነጩ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ካቆመ ሰነበተ። ይኼ ምን ወሬ ነው፣ አሠሩት እንጂ ትል ይሆናል። እኔም ስጀምር እንደዚያ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ረመዳን ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውኃውን በሃይላንድ እየሞላ እኛ ቤት ያመጣ ነበር፤ ለማፍጠሪያ በረዶ እንዲሆንለት። ሆዮን ታውቃታለህ፣ ማንንም አትመልስም። የኻሊፍ ፍሪጅ ለሁሉም ይበቃል እያለች በላይ በላዩ ታጭቀዋለች፤ በሩ አልዘጋ ሲላት በርጩማ ታስደግፈዋለች። በረዶው ግድግዳው ላይ ይጋገርና ሃይላንዶቹን ይይዝባታል። ሰው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ መግሪብ ደርሷል፣ እሷ የሽንኩርት ቢላዋውን አንስታ ትፈነቅላለች። አንድ ቀን አይቼ ሆዮ ተይ፣ ትበሽዋለሽ ብላት፣ ልጄ የላከውን ዕቃ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው ብላ ፊት ነሳችኝ።

ከዒድ በኋላ ወተቱ እያደር ይበላሽ ጀመር። ሞተሩ ይጮኻል፣ በሩን ስትከፍተው መብራቱ ይበራል፣ ውስጡ ግን እንደ ጓዳው ይሞቃል። ሆዮ መብራቱን እያሳየችኝ ይኸው ይሠራል ትለኛለች። ታይዋን ገበያ ከምሠራበት ልብስ ሱቅ አጠገብ ፍሪጅ የሚጠግን ጃማዕ የሚባል ሰው አለ፤ እሱን ይዤ መጣሁ። ጃማዕ ከኋላ በኩል ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አዳመጠ፣ ቱቦዎቹን በእጁ ዳሰሰና ጋዙ አልቋል አለ። ቀጥሎ በረዶውን በስለት የነካ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሆዮ የለም አለች፤ ያውም እኔን ዓይን ዓይኔን እያየች። በሰው ፊት እናቴን ውሸታም ላደርጋት ነው? ጃማዕም ቃሏን አምኖ ጋዙን ሞልቶልን ሄደ።

ቀዘቀዘ፣ ደስ አለን፣ ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ ሞቀ። ጃማዕ ዳግመኛ መጥቶ ሲያየው ተቆጣ። የውስጡ ቱቦ ተበስቷል፣ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ጋዙን በከንቱ ባልሞላሁ፣ አሁን ቱቦው መቀየር ስላለበት ሱቄ ድረስ ይምጣ አለ። ዐብዲከሪም ጋሪ ሊያመጣ ሲነሳ ሆዮ በሩን ዘግታ ቆመች። ልጄ የላከልኝን ዕቃ ሰፈሩ እያየው በጋሪ አላስወጣም፣ ኻሊፍ ለእናቱ የወደቀ ዕቃ ላከላት እንዲሉ ነው ወይ አለች። ለአንተም እንዳልነግርህ ያስማለችኝ ያን ጊዜ ነው። እዚያ ጨው ውስጥ ቆሞ ያገኘውን ልኮልኝ ተበላሸ ብዬ ሞራሉን አልነካም ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው፤ ጃማዕን ለምኜ ሸኘሁት።

የሚያስፈራኝ ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። በየጠዋቱ በረዶ እየገዛች ላይኛው ክፍል ውስጥ ትከታለች፤ ጎረቤት ቢመጣ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳያጣ። ቀትር ሳይደርስ ቀልጦ ወለሉ ላይ ይፈሳል፣ እሷም ሰው ሳያይ በጨርቅ ታደርቀዋለች። እኔ ከጤና ጣቢያ አዲስ መድኃኒት አምጥቼ፣ ነርሷ እንዳለችኝ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ውኃ ያለበት ማሰሮ ውስጥ ጥላ ሥር አስቀመጥኩላት። ከሥራ ስመለስ ማሰሮው ባዶ ነው፤ ብልቃጡ ፍሪጁ በር ላይ ቆሟል። ቦታው እዚያ ነው አለችኝ። እሺ ጎረቤት ቤት እናስቀምጠው ብላት ጭራሽ አኮረፈች። ፍሪጅ ያላት ሴት መድኃኒቷን ሰው ቤት አታሳድርም፣ ይህ ለልጄ ስድብ ነው አለች። ከዚያው ብልቃጥ እየቀዳች ራሷን ትወጋለች።

አዴር ዓደንን መቼም አትረሳቸውም፣ እንደ አጎት ሆነው ብስክሌት ያስተማሩህን ጎረቤታችንን። እሳቸውም የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ መድኃኒታቸው እኛው ፍሪጅ ውስጥ ነበር፤ ለሆዮ ስጨነቅ የእሳቸው ትዝ አላለኝም። ባለፈው ሳምንት ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ልጃቸው ናዲፋ ከሆስፒታል እንደተመለሰች ወደ እኛ መጣች። ሐኪሙ መድኃኒቱን የት ነው የምታስቀምጡት ብሎ ሲጠይቃት፣ ኻሊፍ ለእናቱ የላከው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ እንደ በረዶ ነው የሚያቀዘቅዘው ብላ መለሰችለት። ይህን እያወራችልን ሆዮን አላህ ይስጥልኝ ትላታለች። ሆዮ አላህ ይማራቸው አለችና ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። እኔ አልቻልኩም፤ ናዲፋን ደጅ አውጥቼ እውነቱን ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፣ አልሰደበችኝም። ተመልሳ ገባች፣ የአባቷን ብልቃጥ ከበሩ ላይ አነሳች፣ ሆዮን ቀና ብላ ሳታያት ወጣች።

በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ሃይላንዱን ለቅሞ ሄደ። አንዷ ልታጥበው እንደፈለገች ነገረችን። አሁን በራችንን የሚያንኳኳ የለም። አዴር ዓደን እስከ ዛሬ አልነቁም።

ሆዮ ባዶው ፍሪጅ አጠገብ ቁጭ ብላ ትውላለች። ውኃ ትጠጣለች፣ አይቆርጥላትም፤ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። ቀሚሷ የሌላ ሰው እስኪመስል ሰፍቷታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት እምቢ ትላለች፤ ሐኪሙ እሷንም መድኃኒቱን የት አስቀመጥሽ ብሎ ይጠይቃታል፣ እሱን ነው የፈራችው። ዓደንን እኔ ነኝ ለዚህ ያበቃኋቸው ብላ በልቧ ፈርዳለች፤ አፍ አውጥታ ባትለኝም እናቴ ናትና አውቃታለሁ። ፈራሁ ኻሊፍ። ጠዋት ወደ ሱቅ ስወጣ ማታ ምን አገኝ ይሆን እያልኩ ነው የምወጣው።

ስለዚህ እግርህ ላይ ወድቄ የምለምንህ ይህን ነው። ዐርብ ስትደውል ሰላምታውን አታስረዝም። ፍሪጁ መበላሸቱን ሰምቻለሁ፣ ዕቃ ነው፣ እኔ ምንም አልከፋኝም በላት። በጋሪ ይውጣ፣ ያለውን መድኃኒት ጣይው፣ ከእህቴ ከፋርሒያ ጋር ሐኪም ቤት ሂጂ በላት። እኔ ብናገር መድፈር ይሆንብኛል፤ አንተ ስትላት ግን እሺ ትላለች። እኔን ብትቆጣ ትቆጣ፣ ቁጣዋን እችለዋለሁ።

ዐብዲከሪም ሰላም ብሎሃል፤ ባጃጁ ጎማ ለውጣለች፣ እሱ ግን ሸሚዙን አልለወጠም። ዱኒያ አብቲ፣ አጎቴ፣ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጠይቃለች፤ ጥርሷ ወልቆ ሳቋ አምሯል። አብረውህ ለሚሠሩት፣ ሽሮ ለሚያበስልላችሁ ሽማግሌ፣ ስማቸውን ለማላውቀው ሁሉ ሰላም በልልኝ። ናዲፋ ሰላም ብላሃለች ብዬ አልዋሽህም።

ሆዮ ከጠዋት ጀምሮ ተኝታለች። የእሷን ሰላምታ ሳልጽፍ ብዘጋው ደስ ስላላለኝ፣ የፍሪጁን ነገር ሳላነሳ፣ ለኻሊፍ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልሽ ብዬ ልጠይቃት ገባሁ። ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ረጅም ጊዜ አየችኝና ኻሊፍ ማነው አለችኝ።

ዐብዲከሪም ባጃጁን በር ድረስ አስጠግቷል፣ ወደ ሆስፒታል ልንወስዳት ነው። ዐርብ ደውልላት ያልኩህን ተወው። ወርሳሜ ሲመለስ በመኪናው ና።

እህትህ ፋርሒያ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ግንቦት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.