ባዶ የቀሩት ሚስማሮች

ውድ እትዬ፣

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። ትናንት በአዳራሹ የሆነውን ጉድ ለእርስዎ ካልነገርኩ እፈነዳለሁ።

አንዲት የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ መጥታ ነበር። ለሰፈሩ የጋራ ስፌት ቤት ስድስት ማሽን ተፈቅዷል። “ማሽን ብቻውን ሰፈር አያሳድግም፤ መጀመሪያ መተማመናችሁን ልይ” አለችና ወረቀት አደለችን። ጥያቄው አንድ ነው፦ ቤታችሁን ቆልፋችሁ ስትሄዱ ቁልፉን ለማን ትሰጣላችሁ?

ሽማግሌዎቻችን ሲጽፉ ቢያዩ! እንዳይኮረጅባቸው በክንዳቸው ይከልላሉ። ሰብስቤ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከሃያ ስድስቱ በሃያ አምስቱ ላይ የተጻፈው “ለላውንደሪዋ እትዬ” ነው፤ ለእርስዎ ማለት ነው። አንዱ “ለማንም አልሰጥም” ይላል፤ እሱ የአናጢው እጅ ጽሑፍ ነው።

“እኚህ እትዬ የታሉ? እስቲ ይነሱ” አለች ባለሙያዋ።

ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር።

አሁን የሚመጣውን ቁጭ ብለው ያንብቡት። የሰፈሩ ቁልፍ ሁሉ በርዎ ላይ ባሉት ሚስማሮች በተንጠለጠለበት ጊዜ፣ ውሃ ወረፋ ላይ “እትዬ ቁልፍ የሚይዙት ገብተው ድስታችሁን ሊቀምሱ ነው” ያልኩት እኔ ነኝ። ለሳቅ ነበር። በሳምንቱ ወሬው አድጎ ድስቱ ሳጥን ሆነ፤ ሳጥኑ ደግሞ ወርቅ። በሰፈራችን ወርቅ ያለው ይመስል! አንድ በአንድ መጥተው ቁልፋቸውን ወሰዱ። እርስዎም ዕቃዎን ጭነው ሄዱ።

ይህንኑ ቆሜ ተናገርኩ። አያቴ ከዘራውን አነሳ።

“ይተዋት!” አለው አናጢው። “እሷስ ልጅ ናት፣ ቀለደች። እኛ ሽበታም ሁላ ምን ሆነን አመንን?”

ከዘራው ቀስ ብሎ ወረደ።

እስከ ወሩ መጨረሻ የስፌት ቤቱን ቁልፍ ያዥ ካልመረጥን ማሽኖቹ ለሌላ ሰፈር ያልፋሉ። አያቴ “ምን ምርጫ አለ? ያባረርናት ናታ!” እያለ ሲያጉረመርም አደረ። ጠዋት የቤታችንን ቁልፍ ጭኔ ላይ ወረወረልኝ።

“ከደብዳቤው ጋር ላኪላት።”

“እኛስ በምን እንገባለን?”

“በመስኮት!”

ፖስታው ውስጥ የሚንኳኳው እሱ ነው። መጡም ቀሩም እርስዎ ዘንድ ይቆይ። የሚስማሮቹን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አስለቅቄያለሁ። እኔን የፈለጉትን ያህል ይቆጡኝ፤ በሰባ ሁለት ዓመቱ መስኮት ለሚዘለው ሰውዬ ግን ይዘኑለት።

ምላሷን የነከሰችው
የጎረቤትዎ ልጅ