ሞቷል ብለሽ ያስቆረጥሽው ሮዶዴንድሮን

ውድ ግሬቸን፣

«ውድ» ያልኩሽ ወግ ስለሆነ ነው። እህቴ ባትሆኚ ኖሮ በሌላ ቃል እጀምረው ነበር።

ከእማ መኝታ ቤት መስኮት ሥር የነበረውን የሮዶዴንድሮን ቁጥቋጦ ካስቆረጥሽው ሦስት ወር ሆነው። ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ቁመቱ ከሁለታችንም የሚበልጥ ነበር። ልጆች ሳለን እማ ብርዱን የምትለካው በእሱ ነበር። ቅጠሉ ትንሽ ዘንበል ካለ «ጓንታችሁን አድርጉ» ትለናለች። እንደ ሲጋራ ተጠቅልሎ ቁልቁል ከተንጠለጠለ ደግሞ «አፍንጫችሁ ሳይቀር ተሸፈኑ!» እዚህ ቨርሞንት ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። አንቺ ግን ሃያ ዓመት ፍሎሪዳ ፀሐይ ስትሞቂ ረሳሽው።

እማ ታመመች ሲሉሽ መጣሽ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ የሆነውን የነገረኝ ጎረቤታችን ዴል ነው። መጋዙን ይዞ እንዲመጣ ጠርተሽው፣

«ይሄማ ደርቋል። ቤቱን ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሬሳ ይይ?» አልሽው።

«ኧረ ተይ፣ ግሬቸን! በርዶት ነው እንጂ አልሞተም። መሬቱ በብርድ ሲጠጥርበት፣ ሥሩ ውሃ ሲያጣ፣ ያለችው እርጥበት እንዳታልቅበት ነው የሚጠቀለለው። ብርዱ ሲለቅ ይዘረጋል።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የዛፍ ሐኪም የሆንከው?»

«እኔ አልቆርጥም። እናትሽ ትገለኛለች!»

እሱ እምቢ ሲል ከከተማ ሌላ ሰው አስመጣሽ። ማታ ስመለስ ጉቶውን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። ልጡ ሥር እርጥብና አረንጓዴ ነበር። በረዶው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እማንም እንደዚያው ነው ያየሻት። በብርዱ ወራት ዝም እንደምትል፣ ጥቂት በልታ ብዙ እንደምትተኛ፣ አየሩ ሲሞቅ ደግሞ እንደምትነሳ ስንት ጊዜ በስልክ ነግሬሽ ነበር። አንቺ «አብቅቶላታል» አልሽ። ውክልናው በእጅሽ ስለነበር በዚያው ሳምንት አረጋውያን ማቆያ አስገባሻት፤ በወሩ ቤቷን ሸጥሽው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ያንቺ ግን የሚለቀም አይደለም። እጠላሻለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እሱም አልወጣልኝም።

አሁን ሜይ ገብቷል። እማ ተነስታለች። ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች፣ ነርሶቹን «ይሄን ሾርባ ብላችሁ ነው የምታቀርቡት?» እያለች ታስቃቸዋለች። ትናንት ልጠይቃት ስሄድ ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ሎይስ፣ መኪናሽን አምጪው። በቃ ድኛለሁ፤ ወደ ቤቴ ውሰጂኝ።»

«እማ፣ የቤቱን ነገር የያዘችው ግሬቸን ናት» አልኳት።

«እንግዲያው እሁድ እደውልላታለሁ» አለችና ኮቷን ሳታወልቅ ጋደም አለች።

ቤቱ መሸጡን አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። እሁድ ስልክሽ ሲጮህ እሷ ናት። አንሺውና አንቺው ንገሪያት።

እህትሽ
ሎይስ