ሽንት ቤቱ ተከፍቷል፣ ተመለሺ

ሙፊዳ፣

ክረምቱ ከፋብን። እናትሽ በሐምሌ ሞተች፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ሽንት ቤቱ ተደፈነ፣ አንቺም ፈርተሽ ጎረቤት ማደር ጀመርሽ።

ሽንት ቤቱ ተከፍቷል።

«ጋሼ ሁመድ፣ እማዬ እዚያ ውስጥ እያቃሰተች ነው» ስትይኝ «ሙት አያቃስትም፣ ቱቦ ነው» ብዬ ተቆጣሁሽ። እኔም እሰማ ነበር። በመጨረሻ ቀኗ ስትተነፍስ ይሰማ የነበረው ዓይነት ድምፅ ነው።

ዛሬ ሽቦ ባስገባበት አልከፈት አለኝ። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ እስከ ክርኔ ከተትኩት። ነጭ ጨርቅ ወጣ። ሴቶቹ ጀናዛዋን ያጠቡበት ነው። ግቢው ሲሚንቶ ስለሆነ ጉድጓድ መቆፈሪያ ቦታ አጥተው ያጠቡበትን ውሃ እዚያ ሲደፉት አብሮ ገብቷል። አትቆጫቸው፤ እያለቀሱ ስለነበር አላዩትም።

ጨርቁን አጥቤ ኮልፌ መቃብሯ አጠገብ ልቀብረው ይዤው ወጥቻለሁ።

ስትገቢ ሽንት ቤቱ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ባንዴ ድፊበት። መስኮቱን አትዝጊ፣ በረኪናው ገና ይሸታል።

ዛሬ እቤትሽ እደሪ። እኔ ደባል ነኝ፤ ደባል ብቻውን ቤት አይጠብቅም። ድምፁ ቆሟል። ደግሞ ከሰማሽው ንገሪኝ፣ አልቆጣም።

እግሬ ተሰብሮ የተኛሁ ጊዜ ፖፖዬን የምትደፋልኝ እናትሽ ነበረች። «ይህን በምን እከፍልሻለሁ?» ስላት «ዝም ይበሉ፣ ተራዎ ሲደርስ ይደፉልኛል» ትለኝና ትስቅ ነበር። ስትታመም ግን አንቺ «ወንድ ነዎት» ብለሽ አላስጠጋሽኝም።

ዛሬ ተራዬ ደረሰ።

ሁመድ