ሊቨን የሠራው ሳንቃ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዝናብ። ልብስ አጠብኩ፣ አልደረቀም። በሙዚቃ መሣሪያዎቹ ስር ያሉትን የውሃ ሳህኖች ሞላሁ። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ልጄ ሊቨን ነው ያስተማረኝ። ሊቨን ከሄደ ዛሬ ሰባት ሳምንቱ። አሁንም እሞላለሁ። ለማን? እንጃ…

ምራቴ ቬርሌ ደወለች።

"ከጨረታ ቤት ሰው ይመጣል፣ እማማ። ሐሙስ።"

"ምን ሊያይ?"

"ዕቃዎቹን ነዋ።"

ዕቃዎቹ አለቻቸው። አራት ሃርፕሲኮርድ፣ ሁለት ክላቪኮርድ፣ የፒያኖ ቅድመ አያቶች፤ አንድ አሮጌ ፒያኖም። ልጄ ሃያ ዓመት ከየጓዳው ከየቤተ ክርስቲያኑ የለቀማቸው። እሷም አልተሳሳተችም። ብቻዋን ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ጣሪያዋ ያፈሳል። አውቃለሁ። እያወቅኩም ስልኩን ዘግቼ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ሰውየው መጣ፣ ቬርሌም አብራው። አቶ ስታፔን ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ መነጽር ያንጠለጠለ። እንግዳ እንዳይበርደው ብዬ ከማለዳ ጀምሮ ምድጃውን ለኩሼ ነበር። ገና ከበሩ ሳያልፍ፣

"ወይዘሮ፣ እነዚህን ልንሸጣቸው ነው ወይስ ልንጠብሳቸው?" አለኝ።

አፈርኩ። ያ ክፍል እሳት አይወድም፤ ስንቴ ተነግሮኛል። ምድጃውን ራሱ አጠፋና ካፖርቱን ሳያወልቅ ሥራውን ጀመረ።

አረንጓዴው ሃርፕሲኮርድ ጋ ሲደርስ ክዳኑን አነሳ። የእጅ ባትሪ አብርቶ ከክሮቹ ስር ያለውን ስስ ሳንቃ አየ… ድምፁን የሚያወጣውን፣ አበባ የተሳለበትን።

"ሳንቃው የመጀመሪያው ነው" አለ ቀስ ብሎ። "አልተለወጠም። ሦስት መቶ ሰማንያ ዓመት! ሥዕሉን ይዩት። ይህን የመሰለ እጅ ዛሬ የለም።"

ከዚያ ዋጋ ተናገረ። ቬርሌ አፏን በእጇ ያዘች።

እኔ "ሾርባ ላሙቅ?" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እግሬ ወጥ ቤት አደረሰኝ።

ይህን የመሰለ እጅ ዛሬ የለም። እውነቱን ነው። ከጃንዋሪ ወዲህ የለም።

ዓርብ፣ ማርች 7

ሁሉንም ልጻፈው። ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል።

ያ ሃርፕሲኮርድ ከገበሬ ዶሮ ቤት ነው የመጣው። ዶሮዎቹ እላዩ ላይ ያድሩ ነበር። ሳንቃው በስብሶ እንደ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። ሊቨን የፈረሰ ጎተራ የዱሮ እንጨት ገዝቶ አዲስ ሠራ። 2008፣ ጁላይ። ሲጣበቅ መስኮት ተዘጋ፣ ምድጃ ተለኮሰ። በዚያ ሙቀት! ሙጫው ከቆዳ የተቀቀለ ነው፤ ከቀዘቀዘ አይይዝም። እኔ ሳንቃውን አሞቃለሁ፣ እሱ ሙጫ ይቀባል። ከዚያ ሙጫው እስኪይዝ እንዲጫኑት ከጣሪያው እስከ ሳንቃው ቀጫጭን ዘንግ እያጎበጥን ስናስደግፍ… ስልሳ ዘንግ ይሆናል። "እማዬ ፍጠኚ! እማዬ አትቁሚ!" ላባችን እንዳይንጠባጠብበት አንገታችን ላይ ፎጣ ጠምጥመን።

አበቦቹ ከእኔ ግቢ ናቸው። አንድ ሽሪምፕም አለበት፣ ያ ትንሽ የባሕር ፍጥረት፤ ለእራት ቅርፊቱን ስልጥ አይቶ የሳለው። "ሽሪምፕ ከሙዚቃ ጋር ምን አገናኘው?" ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። የጥንቶቹም እንዲህ ይስሉ ነበር አለኝ።

ከመጣበቁ በፊት በሳንቃው ሆድ፣ በስሩ በኩል ስሙን በእርሳስ ጻፈ። የዚህ ሥራ ሰዎች ልማዳቸው ነው፤ የሚፈርሙት ሰው በማያየው በኩል ነው።

"ማን ያነበዋል?" አልኩት።

"ከመቶ ዓመት በኋላ የሚከፍተው።"

ቬርሌን ያገባት ከዚያ በኋላ ነው። ሊሸጠው አስቦ አያውቅም፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀው። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ዝም ብል? ጣሪያው ይታደሳል፣ ለልጆቹም ይተርፋል። ዝም ብል ግን የልጄ እጅ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ይቀራል… ደግሞስ ውሸት አይደለም?

ሰኞ፣ ማርች 10

ጎረቤቴ ጎዴሊቭ መጣች። ነገርኳት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው ጠየቀሽ?"

"አልጠየቀኝም።"

"ያልተጠየቀ አፍ ምን ያስከፍተዋል? እኔ ባሌን አርባ ዓመት ጥርሴ የራሴ ነው ብዬው ኖሬያለሁ።"

"ሳያውቅ ቀረ?"

"ማወቁንማ ያውቅ ነበር! ግን አልጠየቀኝም።"

ሳቅሁ። ሳቄን ሰምቼ ደነገጥኩ። ከሄደች በኋላ በሳቄ ተናደድኩ።

ዓርብ፣ ማርች 14

ገበያ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 19

ለቬርሌ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ አመነች፤ እሱ ባሰ።

"እማማ፣ የሚያስቡት ለልጆቹ ነው ወይስ ለእንጨቱ?"

"ለሊቨን።"

"ሊቨን ቢኖር ራሱ ዝም ይል ነበር!"

"ሊቨን ቢኖር አይሸጥም ነበር።"

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ካፖርቷን አነሳች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ትክክል ነኝ? ሊቨን፣ ትክክል ነኝ ወይ?

ሐሙስ፣ ማርች 27

አቶ ስታፔንን አስጠራሁት። ቆሜ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ።

"ወይዘሮ፣ ሐዘን ብዙ ነገር ያሳስባል" አለኝ። እንደ ሕፃን አባበለኝ!

"ሐዘኑን ይተዉልኝና ከስር ይዩ።"

ረጅም እጀታ ያለው ትንሽ መስተዋት አለው፣ እንደ ጥርስ ሐኪም። በሳንቃው ላይ ባለችው ክብ ቀዳዳ አስገባው፣ መብራትም ጨመረ። ጎንበስ ብሎ አጣመመው፣ አዞረው… እኔ የመጋረጃውን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ቢጠፋስ? እርሳስ እኮ ነው፤ አስራ ሰባት ዓመት…

"ሊቨን ቦስቴልስ" አለ። "ሁለት ሺህ ስምንት።"

ወንበር አቀረብኩለት። ተቀመጠ።

"ሠላሳ ዓመት ይህን ሥራ ሠርቻለሁ" አለ።

"አይፈሩ" አልኩት፣ "ሽሪምፑ እኔንም ያሳስተኛል።"

"ዋጋው ከግማሽ በታች እንደሚወርድ ያውቃሉ? እርስዎን ማንም አይጠይቅዎትም ነበር።"

"ለዚህ ነዋ የነገርኩዎት።"

ማክሰኞ፣ አፕሪል 15

ጭነው ወሰዷቸው። ሁሉንም በብርድ ልብስ ጠቅልለው። ቬርሌ አልመጣችም። አልደወለችምም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

አንትወርፕ። ጎዴሊቭ አብራኝ መጣች፣ ቦርሳዋ ውስጥ አይብ በዳቦ ይዛ። አዳራሹ ሙሉ ነው። ቬርሌ ትልቋን ልጇን ይዛ ከፊታችን ሁለት ረድፍ ቀድማ ተቀምጣለች። ዞራ አላየችኝም።

አረንጓዴው አምስተኛ ቀረበ። አጫራቹ ከወረቀቱ ላይ አነበበ። "ሳጥኑ የአስራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን። የድምፅ ሳንቃውና ሥዕሉ፣ የሊቨን ቦስቴልስ ሥራ።" ከኋላ አንድ ሰው አልሰማሁም አለ። አጫራቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ሊቨን ቦስቴልስ። ጎዴሊቭ እጄን ጨመቀችኝ፤ አይብ ይሸታል እጇ።

ከጌንት የመጣች የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ተጫዋች ወሰደችው። ስታፔን እንዳለው ከግማሽ በታች።

መውጫው ላይ ቬርሌ ጠበቀችኝ።

"ገንዘቡ ጣሪያውን አይጨርሰውም" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እስከ ልጆቹ ክፍል ግን ያደርሳል።" ወደ ልጇ ዞር አለች። "ልጄ የአባዬን ስም ለምን ጠሩት አለችኝ። ምን ልበላት?"

"ሠርቶት ነው በያት።"

አቀፈችኝ። ጠንከር አድርጋ፣ አጭር። ወዲያው "ባቡሩ እንዳያመልጥዎ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

ድንች እየላጥኩ ስልክ ጮኸ። ሰውየው ከኮሎኝ ነው፤ ቋንቋችንን እየሰባበረ ይናገራል።

"አቶ ሊቨን ቦስቴልስን ማናገር እችላለሁ?"

ስሙን ከጨረታው ካታሎግ ነው ያገኘው። ሃርፕሲኮርዱን ሄዶ ሰምቶታል። እሱም አሮጌ መሣሪያ ይጠግናል፤ እንዲህ ያለ ሳንቃ እንዲሠራለት ፈልጎ ነው።

"ሞቷል" አልኩት። "ጃንዋሪ ውስጥ። ብስክሌት ላይ። እናቱ ነኝ።"

ስልኩን የሚዘጋው መስሎኝ ነበር። አልዘጋም። ብዙ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ፣

"ያንን ሳንቃ ከማን ጋር ነበር የሠራው?"

"ከእኔ ጋር።"

"ከእርስዎ?… እባክዎ፣ እኔ እዚህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ተላቀቀብኝ። መስኮቱን ዘግቻለሁ፣ ሙጫው ትኩስ ነው…"

"ሳንቃውንስ አሙቀኸዋል?"

"ሳንቃውን አላሞቅኩም።"

"እንዴ! ቀዝቃዛ እንጨት ላይ ትኩስ ሙጫ? በየት በኩል ይያዝልህ፣ አንተ ሰውዬ!"

የማላውቀውን ሰው ተቆጣሁት። እሱም ሳቀ።

"ይቆዩኝ፣ እስክሪብቶ ላምጣ" አለ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።