የሰማ ያሰማ

ጥቅምት 3
ዛሬ ውሃ መጣ። የተጠራቀመውን ልብስ በሙሉ አጥቤ በረንዳውን ሞላሁት። ፊት ለፊቴ ያለችው ፈትያ በሯን ከፍታ፣ «አልጣሽ፣ ሰፈሩን በሙሉ አጠብሽው እንዴ?» ትለኛለች። የወሎ ሰው፣ ቀልድ አያልቅባትም። መቆንጠጫ አነሰኝ፣ የሷን ወሰድኩ። ገርጂ ሳለን በአጥሩ እሾህ ላይ ነበር የምናሰጣው፤ መቆንጠጫ ማን ያውቃል። አጥሩ የነበረበት አሁን ፎቅ ነው። እኔም ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ። በገርጂ፣ በኢምፔሪያል ሆቴል በኩል ባለፍኩ ቁጥር አንገቴ ይዞራል... ምን ላይ ብዬ?

ጥቅምት 6
ከሰዓት በረንዳ ላይ ልብስ ሳጥፍ የፈትያ ጩኸት ተሰማ። «ኡኡ! እሳት! ድረሱልኝ!» የኩሽናዋ መጋረጃ ተያይዞ ነው፤ ጭሱ በመስኮት ይወጣል። ቀና አልኩ፤ በየበረንዳው ሰው። ከላይ ያለው ቢሩክ ስልክ ጆሮው ላይ ነው፤ እሳት አደጋ እየጠራ ነው አልኩ። ከታች ያሉት ወደ ላይ ያያሉ። ሁሉም ዝም ሲል... እኔም ዝም። ያጠፍኩትን አንሶላ እንደታቀፍኩ። በር ለበር እኮ ነን!
የደረሰላት ዘበኛው ላጲሶ ነው፤ ከግቢው በር ሮጦ፣ አሸዋ በባልዲ ይዞ። እጇ ተቃጥሏል።
በኋላ ቢሩክ ደረጃ ላይ፣ «እኔማ ከመሥሪያ ቤት ጋር ነበር የማወራው። እርስዎ ገብተዋል ብዬ ነው፣ እትዬ።»
እኔ እሱን አምኜ፣ እሱ እኔን።

ጥቅምት 7
አጥሚት ይዤ ፈትያ ዘንድ ገባሁ። እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።
«ሰማሽኝ?» አለችኝ።
አልሰማሁም ልል ነበር። «ሰማሁሽ» አልኩ።
«ባትሰሚኝ ይሻለኝ ነበር፣ ወላሂ።»
ኮምቦልቻ፣ ወንድሟ እንድሪስ ዘንድ ልትገባ ነው። ካርቶን እያሰባሰበች ነው። ምን ብዬ ልከልክላት? በየትኛው አፌ?

ጥቅምት 9
ቀኑን ሙሉ አባዬ ትዝ ሲለኝ ዋለ። ገርጂ ገጠር ሳለች እሪታ ከተሰማ፣ የሰማው ሰው መጀመሪያ ራሱ «ኡኡ!» ይላል፣ ከዚያ ይሮጣል። «የሰማ ያሰማ» ይል ነበር አባዬ። «ለጎረቤት ብቻ አይደለም፤ የጮኸውም መሰማቱን ይወቅ።»
ላማችን ማጥ ውስጥ የሰመጠች ቀን እናቴ ጮኸች። ከባሕር ዛፉ ወዲያ አንዱ ተቀበለ፣ ከወንዙ ማዶ ሌላው... ድምፁ መንደሩን ዞረ። ጋሽ ቶሌራ ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ግማሹን እንዳንጠለጠለ ደረሰ። ላሟ ወጣች፣ እሱ ግን እስኪሞት «ግማሽ ጺም» ተባለ።
ከኛ የተሻለ ልብ ነበራቸው? እኔ እንጃ። እዚያ ዝም ያለው ይታወቃል። እዚህ ሁላችንም ዝም ብለን ተያየን፤ የአንዱ ዝምታ ሌላውን «ምንም የለም» አለው።

ጥቅምት 16
የብሎኩ ስብሰባ። ተነስቼ ተናገርኩ። የሰማ ይጩህ፣ ከዚያ ይውጣ አልኩ። ቢሩክ ሳቀ፤ «እትዬ አልጣሽ፣ ቴሌግራም ግሩፕ አለን እኮ።»
ላጲሶ ከወደ በሩ፣ «ያን ቀን ግሩፑ ላይ የተጻፈው ስለ ውሃ ነበር» አለ።
ፈትያ ወለሉን ታያለች።

ጥቅምት 20
ፈትያ ድስቶቿን አሸገች። እሁድ ትሄዳለች።

ጥቅምት 22
ዛሬ የጮህኩት እኔ ነኝ።
ምስር ጥጄ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ የበሩ እጀታ እጄ ላይ ቀረ። ገፋሁት፣ ደበደብኩት፣ ወይ ፍንክች። ማረሩ ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ጭስ በበሩ ሥር። አፈርኩ... ግን «ኡኡ!» አልኩ።
ዝም።
ይገባኛል አልኩ በሆዴ።
ከዚያ ከማዶ «ኡኡ!»... የፈትያ ድምፅ። ከላይ ቢሩክ፣ መጮህ ገና እንደሚለማመድ አውራ ዶሮ። ከታች ሌላ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ። እዚያ ጭስ ውስጥ ቆሜ ገርጂ የገባሁ መሰለኝ። አባዬ ከባሕር ዛፉ ወዲያ...
በሩን ላጲሶ በትከሻው ገነጠለው። ቢሩክ በአንድ እግር ጫማ ቆሟል። «ሌላው የት አለ?» ብለው፣ «እኔንጃ፣ ደረጃው ላይ ነው መሰለኝ» አለኝ።
ምድጃውን ያጠፋችው ፈትያ ነች፣ በደህናው እጇ።
«ሰማሽኝ?» አልኳት።
«ኮምቦልቻም ተሰምቷል» አለች።
ድስቴ ከስሏል። ሄዳ ከታሸገው ካርቶን የራሷን አውጥታ ሰጠችኝ። አመሻሹ ላይ በሯ ክፍት ነበር፣ ሳልፍ አየሁ። ካርቶኑን መልሳ አላሸገችውም።