ፀሐይ የበላው ቀይ

ውድ እታለም፣

እንደምን ነሽ አልልሽም፤ በእጄ አፈር አልብሼሽ እንደምን ነሽ ማለት ምን የሚሉት ነው? ግን የምነግረው ሰው አጣሁ፤ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

የሥራ ቦታችን እንደተውሽው ነው። የታተመው የወፍና የአበባ ሥዕል ዛሬም በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ እኔ ቅጠሉን አረንጓዴ፣ አጠገቤ ያለችው አበባውን ቢጫ፣ ያንቺ ወንበር ላይ የተቀመጠችው አዲሷ ልጅ የወፉን ደረት ቀይ። ሁላችንም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያንቺን ናሙና እያየን ነው የምንቀባው። ጣጣው እሱ ነው። መስኮቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ፀሐይ በላው። ያ እሳት የመሰለ ቀይሽ አሁን ታጥቦ ያለቀ ጨርቅ ነው፤ ልጅቷም ምን ታድርግ፣ ያየችውን ትቀባለች። ወፎቻችን ሁሉ ደም ማነስ የያዛቸው መስለዋል። "ኧረ እንዲህ አልነበረም!" ብል ማን ይስማኝ። "አንቺ ደግሞ ነገር አያልቅብሽም" አሉኝ።

ሰሞኑን አለቃችን የናሙናው ጠርዝ ስለተበላ በአዲስ ይተካ አለ። እኔ ልሥራው ብዬ ዘልዬ ገባሁ። አሁን ካልተመለሰ ቀይሽ እስከ ወዲያኛው ቀረ ማለት ነው። ግን በምን ላስታውሰው? ቀለም ስትበጠብጪ ማንንም አታስጠጊም ነበር፤ ልኩን የምትሞክሪው በአውራ ጣትሽ ጥፍር ላይ ነው። ገላሽን ያጠቡት ሴቶች ጥፍርሽን ቢፈትጉት ቢፈትጉት አልለቅ ብሏቸው "ደም ነው እንዴ?" አሉኝ። "ተዉት፣ የሷ ነው" አልኳቸው። ያን ጥፍር አሰብኩ። እየበጠበጥኩ በራሴ ጥፍር ላይ ስሞክር፣ ስሞክር፣ መጣ! እታለም ሙች፣ ራሱ መጣ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

አለቃችን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አየና "የኔ እህት፣ ከናሙናው ጋር አይሄድም፤ በጣም ደመቀ" አለ። ሥራውን ለልጅቷ ሰጣት። የገረጣውን እንዳለ ቀድታ ሰቀለችው። በቃ።

ቤት ስገባ እማዬ ተጋድማለች። ዓይኗ ካንቺ ወዲህ ብሶበታል። ውሃ ሳቀብላት እጄን ያዘችው። ጥፍሬን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቆየችና ሳመችው።

"ወለላዬ፣ ምነው ዛሬ ቆየሽብኝ?" አለች። ወለላዬ የምትለው አንቺን ነበር፤ እኔን ብላኝ አታውቅም።

"ሥራ በዝቶ ነው፣ እማዬ" አልኳት።

እጄን ሳልታጠብ ነው የምጽፍልሽ። ያንቺ ጥፍር ቀለም የዕድሜ ልክ ነበር፤ የኔ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ይለቃል። ያኔ ምን እንደምላት አላውቅም።

ያቺው ነገረኛ ታናሽሽ