ስሙን የማልጠራው ሰው

ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ የጾሙን ስግደት እንዴት ቻለው? የግፊቱን መድኃኒት ሳታቋርጪ እየወሰድሽ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሥራም እገባለሁ። ድምፅሽ ምን ሆነ ስትይኝ "ብርዱ ነው" ያልኩሽ ግን ውሸት ነው። በስልክ ለቅሶዬ ይቀድመኛል ብዬ ይህን ጽፌ ወደ አገር ቤት ለምትመጣው ለስምረት ሰጠኋት። እባክሽ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ባስ የሚነዳውን ሰው ታስታውሺዋለሽ? የመጣሁ ሰሞን፣ ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር ስኖር፣ አቅጣጫ ተሳስቼ ተሳፍሬ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሳለቅስ ጓንቱን አውልቆ የሰጠኝ። አንቺም "እግዚአብሔር ይባርከው" ብለሽው ነበር። የአስተርእዮ ዕለት ጠዋት፣ ሥራ ሊገባ ጫማውን እያሰረ፣ ቤታችን ውስጥ ወደቀ። አምቡላንስ እስኪመጣ ደረቱን ስጫን ቆየሁ። አልተመለሰም።

ዘሩ ቾክታው ነው፤ ነጮቹ ሳይመጡ እዚህ አገር ከነበሩት ነገዶች አንዱ። ያደገው ኦክላሆማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፤ ነገር ግን አባቱ ከሞቱ ወዲህ አንድም ቀን ስማቸውን አልጠራም። "አባቴ የነበረው ሰው" ነበር የሚላቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ የድሮ ሰዎቻቸው ሰው ሁለት ጥላ አለው ይሉ እንደነበር አጫወተኝ። ሰው ሲሞት ውስጠኛው ጥላ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ውጪኛው ግን ለጊዜው ከቤቱ አይርቅም። ስሙን ከጠሩት መንገዱ ይሰናከላል። "አንተ ታምንበታለህ?" አልኩት። "አላውቅም። አባቴን ማሰናከል ግን አልፈልግም" አለኝ።

እናቱ ከአባቱ ጎን ሊቀብሩት አስከሬኑን ወሰዱት። እኔ ከሥራ ፈቃድ አላገኘሁም ብዬ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ፈቃዱን አልጠየቅኩም። አለቃዬ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት፤ "ማን ሞተብሽ?" ማለቷ አይቀርም። እናቱ ሊሄዱ ሲሉ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ልጄ፣ እንዲሄድ ተይው። ስሙን አትጥሪው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ይዞኛል። ከሺፍት ስመለስ በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ብወጣ ጥላውን ብቻውን የተውኩት ይመስለኛል፤ ብቀመጥ ደግሞ አላስሄድ ያልኩት። ለቅሶ የሚደርሰኝ የለም። ጎረቤቶቼ የአገር ልጆች ናቸው፤ ስለ እሱ፣ አንዱን መኝታ ቤት አከራይቼው ነው ብያቸው ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የሻወሩን ውሃ ከፍቼ ነው የማለቅሰው።

ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሃቫና ስትሪት እንጀራ ልገዛ ስገባ እሱ መኪና ውስጥ ይጠብቀኛል። "እስከ መቼ ነው እዚህ የምቀመጠው?" ሲለኝ፣ "ለፋሲካ ለእናቴ እነግራታለሁ" እለዋለሁ። ሰባት ፋሲካ አለፈ። "ከሃይማኖታችን ውጪ ይዘሽ ከመጣሽ እናት የለሽም" ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ልወቅስሽ አይደለም፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

በአርባው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባ ሀብተሚካኤል ለጸሎት የሙታንን ስም ሊጽፉ እስክሪብቷቸውን ይዘው፣ "ስሙን ንገሪኝ። ምንሽ ነበር?" አሉኝ። አንዱን ብመልስ እናቱን ከዳሁ፣ ሌላውን ብመልስ አንቺን አጣሁ። አባ ቀና ብለው ይጠብቁኛል፤ ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። "ይቅርታ አባ" ብዬ ወጣሁ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ማስነሳት አቃተኝ። ድንገት የጎን በር ተከፈተና እትዬ አያልነሽ ገብተው ተቀመጡ። ሃቫና ላይ እንጀራ የምገዛቸው ሴትዮ ናቸው። ነጠላቸውን እንደ እኔ አዘቀዘቁ።

"ያ መኪና ውስጥ የሚጠብቅሽ ሰው ነው አይደል?" አሉኝ።

"ያውቁ ነበር?"

"አንቺ ልጅ! ሰባት ዓመት መስኮቴ ሥር ፓርክ እያደረጋችሁ? አንቺ ዕቃ ስትመርጪ፣ በበረዶው ጊዜ ልጄን ሻይ አስይዤ እልክለት ነበር። እንዳልነግርሽ ለምኖኝ ነው። 'ከሰው ዓይን ያመለጠች ስለሚመስላት አታስደንግጧት' አለኝ።"

ያን ጊዜ ጮኼ አለቀስኩ፣ እማዬ። እትዬ አያልነሽም ደረታቸውን እየመቱ አብረውኝ አለቀሱ። ስሙን ግን አልጠራሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

አሁን የእሑዱን ጥያቄሽን ልመልስልሽ። የባስልዮስ ቤተሰቦች ከፋሲካ በኋላ እኔን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌ ሊልኩ ነው ብለሽኛል። እባክሽ አትቀበያቸው። ልጄ ሐዘን ላይ ናት በያቸው። ማን ሞተባት ካሉሽ፣ ስሙን አልነገረችኝም በይ፤ እውነትሽን ነው። ምኗ ነበር ካሉሽ ግን፣ እሱን አንቺ መልሺላቸው።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። እመብርሃን ከአጠገብሽ አትራቅ፤ ጉልበትሽን ታጽናልሽ።

አሁንም ከፈቀድሽ፣
ልጅሽ